በጤነኞች ወገን የተቆጠረ ጭንቅላት

ለቅሶ የደረሳችሁ ሁሉ፣ የሳንቲያጎ ሰፈር ሰዎች፣ ከሌሎቹ ሰፈሮች ባንዲራችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ከዩኒቨርሲቲውና ከምርምር ማዕከሉ የመጣችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የዶክተር ኢራይስ ኩአውትሌን ዜና ሕይወት የማነበው እኔ ባለቤታቸው ሚሳኤል ቶሽኪ ነኝ። ማዕከሉ አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ልኮልን ነበር። ጥሩ ወረቀት ነው፤ ሽልማቶቻቸው ሁሉ አሉበት። በሽታቸው ግን የለበትም። "በድንገት ተለዩን" ይላል። በድንገት አልተለዩንም። ስለዚህ ያን ወረቀት ትቼ ይህን ጻፍኩ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እንድታውቁ እፈልጋለሁ። የፊታችን ሰኞ ልጃችን ሲትላሊ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት። እናቷን "ጤነኛ ነሽ" ብሎ በመለሰው መሣሪያ ጭንቅላቷን ሊለኩት ነው። ስለዚህ ዛሬ የማነበው ስለ ሞተ ሰው ብቻ አይደለም።

ዶክተር ኢራይስ ከአባታቸው ከዶን ፊደንሲዮ ኩአውትሌና ከእናታቸው ከዶኛ ኦብዱሊያ ትላቺ እዚሁ ቾሉላ፣ በሳንቲያጎ ሰፈር ተወለዱ። ዶን ፊደንሲዮ ሸክላ ጡብ ሠሪ ናቸው። ዶኛ ኦብዱሊያ ገበያ አበባ ይሸጣሉ። ከኢራይስ በፊት የወለዷቸው ሁለት ልጆች በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱባቸው፣ ኢራይስ ለቤቱ አንድ ልጅ ሆነው፣ በአበባ እቅፍና በጡብ ክምር መካከል እየተሯሯጡ አደጉ።

በዘጠኝ ዓመታቸው፣ የሰፈራችን ቅዱስ ምስል በሚወጣበት ቀን፣ ሰልፉ መካከል ወደቁ። ርችት እየተተኮሰ ስለነበር የክርስትና እናታቸው ምክንያቱን ወዲያው አገኙት።

"ርችቱ አስደንግጧት ነው፣ ኦብዱሊያ። እንቁላል ገላዋ ላይ አዙሪላት፤ ድንጋጤው ይወጣላታል።"

ዶኛ ኦብዱሊያ አዞሩ። ኢራይስ ደግመው ወደቁ። ደግመው አዞሩ።

"ስንት እንቁላል ላዙር? ዶሮዎቼ እኔን ሲያዩ መደበቅ ጀመሩ እኮ! ልጄ ግን ይኸው ትወድቃለች።"

"የሱቅ እንቁላል ይሆናላ ያዞርሽው።"

"የሱቁንማ የበላሁት እኔ ነኝ። እሷን ያሸኋት በራሴ ዶሮ እንቁላል ነው።"

በመጨረሻ ዶን ፊደንሲዮ ልጃቸውን ይዘው ፑኤብላ ከተማ ወረዱ። ሐኪሙ የሚጥል በሽታ ነው አለ። ኪኒን ታዘዘ። እያደር መውደቁ ተዋቸው። መጥፋቱ ግን አልተዋቸውም። መጥፋት የምለው፣ ሾርባ ሊጠጡ ማንኪያውን አንሥተው ሳለ እጃቸው አየር ላይ ይቀራል፣ ዓይናቸው ይቆማል፣ ከዚያ ተመልሰው የጀመሩትን ነገር ይጨርሳሉ። ይህን ከማንም ደብቀው አያውቁም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልጋችኋል።

በትምህርታቸው ብርቱ ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርሱ ሒሳብ ሊያጠኑ እንደሆነ ለአባታቸው ነገሩ። ዶን ፊደንሲዮ ጡባቸውን መደርደር አላቆሙም።

"ሒሳብ? ጡብ ቆጥረሽ አልጠገብሽም?"

"አባባ፣ ይኼኛው ሒሳብ አይቆጥርም።"

"የማይቆጥር ሒሳብ! እንግዲያው ለመንግሥት ሥራ ነው የምትማሪው።"

ሳቁ። ከዚያም መረቁ። ኢራይስ በነፃ ትምህርት ዕድል ዩኒቨርሲቲ ገቡ፣ በማዕረግ ወጡ፣ ሁለተኛውን ቀጠሉ፣ ለሦስተኛው ዲግሪያቸው ደግሞ እዚህ አጠገባችን ባለው የምርምር ማዕከል በዶክተር ኦክታቪያኖ ብሪንጋስ ሥር አንጎልን የሚያጠና ሥራ ጀመሩ። ዶክተር ብሪንጋስ ዛሬ ከእኛ ጋር አሉ። በግራ በኩል፣ ትልቁን የአበባ ጉንጉን ያመጡት እርሳቸው ናቸው።

ሥራቸው ምን ነበር ለምትሉ፣ እኔን ባስረዱኝ መንገድ እነግራችኋለሁ። ኢራይስ ልጅ ሳሉ ዶን ፊደንሲዮ የሰፈሩ ቅዱስ ጠባቂ ሆነው የተሾሙበት ዓመት ነበር። የዚህ ከተማ ሰው ያውቀዋል። ከተማዋ ለበዓል አንድ አለቃ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ አንድ መልእክተኛ አላት። እያንዳንዱ ሰፈርም አለቃ፣ ገንዘብ ያዥና መልእክተኛ አለው። በሰፈሩ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ መንገድ እንዲሁ። ሰው በበዛበት ቤትም ብትገቡ አያቲቱ አለቃ፣ ልጃቸው ገንዘብ ያዥ፣ የልጅ ልጅ መልእክተኛ ነው። ሰፈሩ ከተማዋን ይመስላል፤ መንገዱ ሰፈሩን፤ ቤቱ መንገዱን። ኢራይስ ያን ዓመት ቤታቸው ሰው ሲገባና ሲወጣ እያዩ፣ ትንሹን ያየ ትልቁን እንዳየ ነው ብለው አሰቡ።

አንጎልም እንዲህ የታሰረ መረብ ነው ይሉ ነበር። ጎን ለጎን ያሉት ጥቃቅኖቹ ሕዋሳት በሚተሳሰሩበት አኳኋን ትልልቆቹ ክፍሎችም ይተሳሰራሉ። መረቡ በየደረጃው ራሱን ይመስላል። እንዲህ የታሰረ ነገር አንድ ጥቅም አለው። አንዱ ሰፈር እየጨፈረ ሌላው መተኛት ይችላል፤ ወሬ ግን ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል። የሚጥለው በሽታ ማለት ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ደወሉን ሲደውል ነው። ያኔ ማንም ማንንም አይሰማም። ሰውየው ይወድቃል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ክፍሉ ሙሉውን የሚመስለው መረቡ ጤነኛ ሲሆን ነው። ሲታመም መመሳሰሉ የሚፈርስበት ቦታ አለ፤ ያ ቦታ የት እንደሆነ ደግሞ አስቀድሞ አይታወቅም። አንድ መንገድ ብቻ አይታችሁ ከተማው ሰላም ነው ብትሉ፣ ጠቡ ያለው ሌላው መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህ በመመረቂያ ጽሑፋቸው ውስጥ በግልጽ አለ። ዶክተር ብሪንጋስ አንብበውታል፤ ፈርመውበታል።

አሁን ወደ ማዕከሉ ልማድ ልምጣ። እዚያ አዲስ ሰው ሲገባ በመጀመሪያው ሳምንት ጭንቅላቱን ይሰጣል። ማለቴ፣ ገመድ የተሰካበት ቆብ አጥልቆ ይቀመጣል፣ የአንጎሉ ሞገድ ይቀዳል፣ ሲጨርስ ሴሚታ ዳቦ በአቮካዶና በአይብ ይጋበዛል። ገንዘብ ስለሌለ ከውጭ ሰው አይመጣም፤ የቤቱን ሰው ይቀዳሉ። ከዚያ የተቀዳው ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ "የጤነኞች ወገን" ይባላል። በሽተኛ ሲመጣ የሚመዛዘነው ከዚያ ጋር ነው። ኢራይስም ተራቸው ሲደርስ አፋቸውን ዘግተው አልተቀመጡም።

"ዶክተር፣ እኔ በልጅነቴ ይጥለኝ ነበር። ኪኒን እወስዳለሁ" አሉ።

"አሁንስ ይጥልሻል?"

"አይጥለኝም። ግን አንዳንዴ እጠፋለሁ።"

"እኔም ስብሰባ ላይ እጠፋለሁ። ተቀመጪ፣ ልጄ፤ ዳቦው እየቀዘቀዘ ነው።"

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ኢራይስም ስቀዋል። ይህን ሲነግሩኝ ገና እየሳቁ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ቀልድ ነበረ። ቆቡን አጠለቁ፣ ተቀዱ፣ ዳቦውን በሉ። ጭንቅላታቸው በጤነኞች ወገን ተቆጠረ። ታመው እንደነበር የነገሩት ቃል ግን አብሮ አልተቆጠረም።

ከእኔ ጋር የተዋወቅነው ለተማሪዎች ማሳያ የሚሆን ነገር ሊያሠሩ ብየዳ ቤቴ የመጡ ጊዜ ነው። ከአንድ ዘንግ ሁለት ቅርንጫፍ፣ ከየቅርንጫፉ ሁለት ሌላ፣ እንዲያ እያለ የሚሄድ ብረት ፈለጉ።

"እስከ የት ልቀጥል?" አልኳቸው።

"እስክትሰለች።"

"እኔ አልሰለችም። የሚያልቀው ብረቱ ነው።"

"እንግዲያው ብረቱ እስኪያልቅ።"

"ሴትዮ፣ ብረቱ እኮ የኔ ነው!"

"ለዚህ ነው የማልቸኩለው" አሉኝ።

በዓመቱ ሽማግሌ ላክሁ። ዶን ፊደንሲዮ ልጃቸውን ጠርተው ሥራዬን ጠየቁ። "በርና መስኮት ይሠራል፣ አባባ" ሲሏቸው፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሁለተኛ የማይቆጥር ሰው ሊመጣብኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር" አሉ። እዚሁ ሳንቲያጎ ቤተ ክርስቲያን ተጋባን። ልጃችን ሲትላሊ ተወለደች።

ኢራይስ ነፍሰ ጡር ሳሉ መውደቁ ተመለሰባቸው። ከወለዱ በኋላም አልቆመም። እየወደቁ ሥራ ይሄዱ ነበር፤ እየወደቁ ልጅ ያጥቡ ነበር። ልጅቷን የሚያጥቡት እኔ ወይም ዶኛ ኦብዱሊያ አጠገባቸው ስንኖር ብቻ ነው። ሌላ ሰው አይወድቅባትም፣ እኔ ግን እወድቅባታለሁ ብለው ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ነበሩ።

በዚያው ጊዜ ማዕከሉ አጭሩን ቆብ አወጣ። ሙሉው ቆብ ጭንቅላትን ዙሪያውን ይለካል፤ ብዙ ገመድ አለው፣ ውድ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል። አጭሩ ግንባሩንና አንድ ጎኑን ብቻ ይለካል። ምክንያቱ ተብሎ የቀረበው የኢራይስ ሥራ ነው፤ ክፍሉ ሙሉውን ከመሰለ ክፍሉን መለካት ይበቃል ተባለ። ርካሽ ስለሆነ በክልላችን ያሉ ሆስፒታሎች ሁሉ ወሰዱት። ፎቶግራፍ ተነሡ። ጋዜጣ ላይ ወጣ። ፎቶግራፉ ላይ ኢራይስ የሉም፤ አራስ ነበሩ።

ወደ ሥራ ሲመለሱ አጭሩ ቆብ የተፈተነበትን ነገር ከመጀመሪያው መረመሩት። ክፍሉ ሙሉውን የሚመስለው በጤነኞች ብቻ መሆኑ ተረስቷል። ይህ አንድ። ሁለተኛው የባሰ ነው። በጤነኞቹ መካከል የራሳቸውን ጭንቅላት አገኙት። የበሽተኛ አንጎል ጤነኛ ይህን ይመስላል ተብሎ ሚዛን ሆኖ ተቀምጧል። መጀመሪያ የተቀዱት ጥቂት ሰዎች ስለነበሩ ደግሞ የእርሳቸው ክብደት ቀላል አልነበረም።

በማግስቱ ዶክተር ብሪንጋስ ዘንድ ሄዱ። ብቻቸውን መንገድ ላይ እንዳይወድቁ እያልኩ እኔ እሸኛቸው ነበርና፣ ሲትላሊን ታቅፌ ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ። በሩ ክፍት ነበር። የሰማሁትን ነው የምናገረው።

"ዶክተር፣ እኔን ከጤነኞቹ አውጡኝ።"

"አንድ ጭንቅላት ምን ይለውጣል?"

"ምንም ካልለወጠ ማውጣቱ ምን ይከብዳል?"

"ኢራይስ፣ አንቺ ከወጣሽ ጽሑፉ ይሰረዛል። ጽሑፉ ከተሰረዘ ቆቡ ይነሣል። በየገጠሩ ያለችው እናት ያለ ምንም ትቀራለች፤ እሱን ነው የምትፈልጊው?"

"አሁን ያላት ነገር ከምንም የባሰ ነው። ልጇን ታማ ሳለ 'ጤነኛ ናት' ብሎ ወደ ቤት የሚሰድ ነገር።"

"ድካም ነው፣ ልጄ። አራስ ነሽ። ትንሽ ዕረፍት ውሰጂ፣ ባልሽም በር ላይ ይጠብቅሻል።"

"ባሌ በር ይሠራል እንጂ በር ላይ አይቀርም። ሚሳኤል፣ ግባ!"

ገባሁ። ዶክተር ብሪንጋስ የልጅቷን ጉንጭ ቆንጠጥ አድርገው "እናቷን ነው የመሰለችው" አሉ። የጤነኞች ወገንም እንደነበረ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ኢራይስ ለቀዶ ሕክምና ወረፋ ያዙ። ወረፋው ላይ ለመቆየት የአንጎል ልኬት ያስፈልጋል። ሆስፒታሉ የነበረው አጭሩ ቆብ ነው። ሙሉው ቆብ ማዕከሉ መጋዘን ተቆልፎበታል፤ ለምርምር ብቻ ነው ተባሉ። ምርምሩን የሠሩት እርሳቸው ናቸው። አጭሩን ቆብ አጠለቁላቸው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጥፋቷን አልቆጥርም፤ የተሰጣትን ነው ያነበበችው። እንዲህ አለቻቸው፦

"ደስ ይበልዎት፣ ዶክተር። ከጤነኞቹ ጋር እጅግ ይመሳሰላሉ።"

"ከማን ጋር?"

"ከጤነኞቹ ወገን።"

"እሱ ውስጥ እኔም አለሁ፣ እመቤቴ። ልዩነት ብታገኙ ነው የሚገርመኝ።"

ሐኪሟ ቀልድ መሰላት፤ ሳቀች። ኢራይስ ግን ከወረፋው ወጡ። ጠንካራውን መድኃኒትም ለበሽተኛ ነው ተብለው ተከለከሉ። ወደ ቤት ስንመለስ በተሳፈርንበት ሚኒባስ ውስጥ ሰው እስኪዞር ድረስ ጮኹ። "ራሴን ከራሴ ጋር አስተያይተው 'ትመሳሰላላችሁ' አሉኝ! ሰምተሃል? እኔ እኔን እንደምመስል ነገሩኝ!" ሾፌሩ በመስታወት አይቶ፣ "ሴኞራ፣ እኔን ደግሞ ሚስቴ ራስህን አትመስልም ነው የምትለኝ" አለ። ያኔ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አሁንም አልስቅም።

ቁጣቸው ለራሳቸው ብቻ አልነበረም። ማዕከሉ ውስጥ ለሚሰማቸው ሁሉ ተናገሩ። ስብሰባ ላይ ተነሥተው ተናገሩ። አንዳንዱ ሐቅ ነው አለና ዝም አለ። አንዳንዱ በሽታው አእምሮዋን ነካው አለ። ልብ በሉ፤ ስለ ቆቡ ሲናገሩ በሽተኛ ናቸው፣ ከጤነኞቹ አውጡኝ ሲሉ ግን ጤነኛ ናቸው። እንዲህ ያለ ማዕከል ነው።

ባለፈው የፋሲካ ጾም ወቅት ሲትላሊ አራት ዓመት ሞላት። አንድ ቀን ምሳ ላይ ማንኪያዋን አንሥታ ሳለ እጇ አየር ላይ ቀረ። ዓይኗ ቆመ። ከዚያ ተመለሰችና "ፓፓ፣ ለምን ሁላችሁ አትበሉም?" አለች። እናቷ አዩ። እኔም አየሁ። ዶኛ ኦብዱሊያ ጀርባቸውን ሰጥተው ሳህን ማጠብ ጀመሩ፤ ሳህኑ ንጹሕ ነበር።

ኢራይስ በዚያን ቀን አላለቀሱም። ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጡ ለእኔና ለአባታቸው አስረዱን። ይህች ልጅ እኔን ትመስላለች አሉ፤ አንጎሏም የእኔን ሳይመስል አይቀርም። በማዕከሉ ሚዛን ደግሞ እኔ ጤነኛ ነኝ። በአጭሩ ቆብ ከለኳት፣ ከእኔ ጋር አስተያይተው "እናቷን ትመስላለች" አይሉም፤ "ጤነኞቹን ትመስላለች" ነው የሚሉት። ወደ ቤት ይልኳታል። መድኃኒት አይሰጧትም። እኔን ካላወጡኝ በስተቀር ልጄን የሚያስመልሳት እኔው ነኝ። ዶን ፊደንሲዮ ጉዳዩን በትክክል እንደገባቸው ያወቅኩት ኮፍያቸውን አንሥተው ስለ ወጡ ነው። ማዕከሉ በር ላይ እስኪመሽ ቆመው ተመለሱ። አላስገቧቸውም።

የሰኞውን ቀጠሮ ያስያዙት ኢራይስ ናቸው። ሙሉው ቆብ ከመጋዘን እንዲወጣ፣ እርሳቸውም ከጤነኞች ወገን እንዲወጡ በየቀኑ ይጠይቁ ነበር። ሌላ ቦታ ውሰዳት የምትሉኝ አላችሁ፤ አውቃለሁ፣ በቅንነት ነው። በክልላችን ያለው ሆስፒታል ሁሉ የሚጠቀመው ያንኑ አጭር ቆብ ነው። አንድ ጊዜ "ጤነኛ ናት" የሚል ውጤት ከተሰጣት ደግሞ የትም ብትሄድ ያ ውጤት ቀድሟት ይደርሳል። እናቷን ቀድሟቸው ደርሷል።

ዶክተር ኢራይስ ባለፈው ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ከሥራ ቀርተው በቤታቸው ሳሉ፣ ጥሏቸው በዚያው አረፉ። ሠላሳ አራት ዓመታቸው ነበር። የሞታቸውን ምክንያት የጻፈው ሐኪም "ልብ መቆም" ብሏል። አልዋሸም። ነገሩን ከመጨረሻው ነው የጀመረው።

ትናንት ዶክተር ብሪንጋስ ቤታችን መጡ። ይህን መናገር ለቅሶ ቤት አያምርም የሚሉ ይኖራሉ። እኔ የማያምረውን ነገር ሐሙስ አይቼዋለሁ። ዶክተሩ ከጉንጉኑ ጋር ገብተው ዶን ፊደንሲዮን አቀፉና አዲሱን የመለኪያ ክፍል በኢራይስ ስም ልንሰይመው ወስነናል አሏቸው። ሰው ሁሉ ሰማ።

"ስሟ ይቆየን፣ ዶክተር" አሉ ዶን ፊደንሲዮ። "ከጤነኞቹ አወጣችኋት?"

"እሱ ኮሚቴ የሚያየው ጉዳይ ነው፣ ዶን ፊደንሲዮ። በዚህ ሰዓት..."

"ሞታለች እኮ፣ ዶክተር። ሞታም ጤነኛ ናት?"

ዶኛ ኦብዱሊያ ለዶክተር ብሪንጋስ ወንበር አቀረቡላቸው። ተቀምጠው ትንሽ ዳቦ በሉ። የቤታችን ሥርዓት ስለሆነ ነው እንጂ እኔ ብሆን አላቀርብም ነበር።

ዛሬ ስለዚህ ሁሉ መናገሬ ማንንም ለማዋረድ አይደለም። ብዋሽ ግን እርሳቸው አይወዱልኝም፤ ትንሽ ማዋረድም ፈልጌያለሁ። ሦስት ነገር ግን እለምናለሁ። ልመና ይሁን፤ ተንበርከክ ብትሉኝም እንበረከካለሁ። የባለቤቴ ጭንቅላት ከጤነኞች ወገን ይውጣ። ልጄ ሰኞ በሙሉው ቆብ ትለካ። በአጭሩ ተለክተው ወደ ቤት የተላኩ ሰዎችም ተጠርተው እንደገና ይታዩ፤ በየተራራው እናቶች ልጆቻቸውን ጤነኛ ናቸው ብለው አስተኝተዋል። ኮሚቴ ካስፈለገ ይኸው፣ እናንተ ሁላችሁ እዚህ ናችሁ። ከማዕከሉ የመጣችሁት፣ ስቃችሁ ነበር በዚያ ቀን፤ አብራችሁ ዳቦ በልታችኋል። ኢራይስ ታመው እንደነበር የተናገሩትን በጆሯችሁ ሰምታችኋል። ከእናንተ አንድ ሰው ዛሬ ከዚህ ሳይወጣ ሰምቻለሁ ብሎ ይናገር።

ዶክተር ኢራይስ ኩአውትሌ ሰው የሚወዱ፣ ተረበኛ፣ ሲናደዱ ድምፃቸው የሚሰማ፣ ተማሪ ያልገባው እንደሆነ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ የሚፈልጉ ሴት ነበሩ። በዓል ሲመጣ በሰፈራችን ቅዱስ ፊት የሚነጠፈውን የአበባ ምንጣፍ ንድፍ ያወጡ ነበር፤ እኛ ስንነጥፍ እርሳቸው ጠማማውን ያርሙ ነበር። አበባውን እየረገጥነው እንድናልፍ እንጂ እንድንዞረው አይፈቅዱም ነበር።

አባታቸውን ዶን ፊደንሲዮን፣ እናታቸውን ዶኛ ኦብዱሊያን፣ እኔን ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ሲትላሊን ትተው ሄደዋል። ለአባትና ለእናታቸው ሦስተኛ ልጃቸው ነበሩ፤ ከእንግዲህ የሚቀብሩት ልጅ የላቸውም። የልጅ ልጅ ግን አለቻቸው።

እግዚአብሔር አምላክ የዶክተር ኢራይስን ነፍስ በእቅፉ ይቀበል፤ መውደቅ በሌለበት፣ መጥፋት በሌለበት ቦታ ያኑርልን፤ ለወላጆቻቸው ጉልበት፣ ለልጃቸው ዕድሜ ይስጥ። ነፍሳቸውን ማሳረፍ የእርሱ ነው፤ በዚህ አንጠራጠርም። ጭንቅላታቸው ግን ገና አላረፈም። አሁን፣ ይህን እያነበብኩ ሳለ፣ በማዕከሉ ማሽን ውስጥ ከጤነኞች ጋር ተቀምጦ ለመጣው በሽተኛ ሁሉ "እኔን ትመስላለህ፣ ወደ ቤትህ ሂድ" ይላል። ሰኞ ጠዋት የገዛ ልጃቸውን እንዲህ እንዳይላት እርሱን ማሳረፍ የእርስዎ ነው፣ ዶክተር ብሪንጋስ። ነገ እሑድ ነው፤ ጊዜ አለዎት።